ከማሽላ ጉድጓድ የወጣው ቼሎ

ዛሬ ሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቆቦ ከተማ በወላጆቼ ቤት፣ በአራት ትራስ ተደግፌ የተቀመጥሁት እኔ ሶሊያና ገብረ ሥላሴ ሰመረ፣ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሥራዬ ቼሎ ተጫዋች፣ የመጨረሻ ፈቃዴን ማንም ሳያስገድደኝ እንደሚከተለው አስጽፌአለሁ። ልቤ ታሟል። እግሬ አብጧል። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ለማረጋገጫ ያህል ጸሐፊዬ ሦስት ጥያቄ አቅርቦልኛል፦ የዛሬውን ቀን፣ የእናቴን ስም፣ ሰባት ጊዜ ስምንትን። ሦስቱንም መልሻለሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ትንሽ ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮም እንደዚሁ ነበር።

ጸሐፊዬ ሙንተሲር እንድሪስ ይባላል። አራት ዓመት በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ተምረናል። ባለፈው ክረምት በሕግ ተመርቆ ሥራ በመፈለግ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ባለጉዳዩ እኔ ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። የምናገረውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ እንዳያሳምርም አስምዬዋለሁ።

ሕጉ አራት ምስክር ይላል፤ አራቱም አጠገቤ ተቀምጠዋል። የሙንተሲር አባት ጋሽ እንድሪስ ከሮቢት አውድማቸውን ትተው መጥተዋል። ሲስተር ራህመት ጠዋትና ማታ መርፌ የምትወጋኝ ናት። መምህር አያሌው ፊዚክስ አስተምሮኛል፤ ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ መሆኑን መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። አቶ ካሳው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እናቴ ወይዘሮ መብራት እግሬ ሥር ተቀምጣለች፤ ወራሽ ስለ ሆነች አትመሰክርም።

አባቴ የለም። ማለት፣ አለ። ከጓሮው በር ውጪ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ በሳሉ አውቀዋለሁ። ወደዚህ ክፍል ከገባ ሰባት ሳምንት ሆነው። ምግቤን በእናቴ እጅ ይልካል፣ መድኃኒቴን ገዝቶ መስኮት ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ በሩን አያልፍም። ለምን እንደማያልፍ እኔም አውቃለሁ፣ ከምስክሮቹም አንዱ ያውቃሉ። ኑዛዜ ተጽፎ ሲያልቅ ጮክ ተብሎ መነበብ እንዳለበት ሙንተሲር በነገረኝ ዕለት ነው ይህን ለማድረግ የወሰንሁት። የማወርሰው ብዙ የለኝም። የሚነበብ ነገር ግን አለኝ። እናቴ በአፍ ብትነግረው ለማጽናናት ነው ይላል። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ በሰው ፊት የተጻፈና የተፈረመበትን ነገር ነው የሚያምነው።

አንደኛ፤ ስለ ቼሎው።

ወራሾቼ ቼሎው የእኔ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ። የመምህሬ የጋሽ ታደሰ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄደው ሳለ ከሶፊያ ያመጡት፣ ሠላሳ ዓመት የተጫወቱበት ነው። ስመረቅ ሰጡኝ። «የራስሽ እስኪኖርሽ» አሉ። ሰው ይህን ሲል አደራ ማለቱ ነው።

ቼሎን ለማያውቅ፦ ተቀምጠው በጉልበት መሀል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት፣ ቆሞ ከወገብ በላይ የሚደርስ ባለ አራት ክር የእንጨት መሣሪያ ነው። ቆቦ ውስጥ ትልቁ ማሲንቆ ይሉታል። ማሲንቆ እንዳልሆነ ለሁለት ዓመት ተከራክሬአለሁ። ይሁን፤ ትልቁ ማሲንቆ ነው።

አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመዘገብሁት ለፒያኖ ነበር። ጋሽ ታደሰ ለፈተና በቀረብሁ ጊዜ እጄን ገልብጠው አይተው «ይህ እጅ ማጭድ ይዞ ያውቃል፤ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ማጭድ ይዤ አላውቅም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ነገር ግን አልካድሁም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ክር ብቻ አስጎተቱኝ፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ያውቃሉ። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ድምፁ ከእንጨቱ ወጥቶ በደረቴ በኩል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አስቤ አላውቅም።

በ2002 ዓ.ም. ተመረቅሁ። አራት ተመራቂዎች ሆነን የክር ቡድን አቋቋምን። ዕቅድ ነበረን፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ምዕራፍ ነበረው። አሥራ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ተጫወትን። አሥራ አንደኛው ሠርግ ነበር። ከአበባው ጀርባ አስቀመጡን። ኬኩ ሲገባ አንዱ መጥቶ «ለጊዜው አቁሙ» አለን። አቆምን። ከዚያ በኋላ ጀምሩ ያለን የለም፤ መሣሪያችንን ሰብስበን ወጣን። የአደባባይ ሥራዬ ያበቃው እዚያ ላይ ነው፤ ኬክ ለማሳለፍ መሀሉ ላይ በቆመ ዜማ።

በማግሥቱ ደረጃ ስወጣ ወደቅሁ። በልጅነቴ እየተመላለሰ ያሳመመኝ ቶንሲል ልቤ ላይ ወርዶ የልቤን በር አበላሽቶታል ተባልሁ። የሚጠግኑት ሐኪሞች አሉ፤ ወረፋም አለው። ወረፋዬ አልደረሰም። በዚያው ወር አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሚከፍተው የሙዚቃ ክፍል ረዳት መምህር ሆኜ መመረጤን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። «በአሥር ቀን ውስጥ ቀርበው ሪፖርት ካላደረጉ» ይላል። በዘጠነኛው ቀን ኦክስጅን ላይ ነበርሁ። ደብዳቤው ትራሴ ሥር ነው። ሳልሞት እንዳይጣል፤ ከሞትሁ በኋላ ማንም የፈለገውን ያድርገው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀብሬና ስለ ሕይወት ታሪኬ።

ቀብሬ እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው ይሁን። የሕይወት ታሪኬን የሚያነበው ሰው «በአገር ውስጥና በውጭ አገር መድረኮች ታላቅ አድናቆትን አትርፋለች» እንዳይል። ውጭ አገር አልሄድሁም። አድናቆትም ያተረፍሁት ከሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ዘበኛ ነበሩ።

አቶ ካሳው እዚህ ላይ «እንዲያ ሲነበብ ያምራል እኮ ልጄ፤ ለቤተሰብም ክብር ነው» ብለዋል።

እኔም «አሥራ አንድ ጊዜ ተጫወተች ይባል፤ አሥራ አንድ እውነተኛ ቁጥር ነው» ብዬአለሁ። «ትንሽ አነሰ» ብለዋል። እኔም እንደዚሁ ይሰማኛል።

ሦስተኛ፤ የራሴ ስለ ሆኑ ጥቂት ዕቃዎች።

ደጋኑ የእኔ ነው። ሆስፒታል ይዤው ሄጄ ስለ ነበር ደኅና ነው። ለጋሽ ታደሰ ይሰጥ፤ እሳቸውም ከክፍለ ሀገር ለምትመጣ ተማሪ ይስጡ፤ ማጭድ ይዛ ብታውቅም ባታውቅም።

አረንጓዴው ሰፊ ቀሚስ ለእናቴ ለወይዘሮ መብራት ነው፤ የሰፋችው እሷ ናት። መጀመሪያ ቼሎውን ጉልበቴ መሀል ይዤ ስቀመጥ ያየችኝ ዕለት መስኮቱን በነጠላ ጋርዳ «ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት እንዲህ ተከፍተሽ!» አለች። እኔም ሰው ባለበት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኋት። ለስድስት ወር በስልክ እንኳን በደንብ አላወራንም። ከዚያ አንድ ቀን አዲስ አበባ በአውቶቡስ ጥቅል መጣልኝ። ሰባት ሜትር ጨርቅ የፈሰሰበት ቀሚስ፤ ተቀምጬ እግሬን ብከፍተው ወለሉን ሸፍኖ ከፊቴ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ። ወረቀትም ቃልም አልነበረበትም። አሥራ አንዱንም ጊዜ የተጫወትሁት በእሱ ነው። እማዬ፣ ታውቂያለሽ። ታውቂ ነበር።

የዜማ ደብተሬን ለጋሽ እንድሪስ ልተው ብዬ ነበር። ሠላሳ አንድ የራያ ዜማዎችን በኖታ ጽፌበታለሁ፦ የጎብዬ ገበያተኞች በመንገድ የሚሉትን፣ ግመል ነጂዎች ከቆላ ሲወጡ የሚያንጎራጉሩትን፣ የሠርጉን፣ የአውድማውን። አሥራ አንዱን የነገሩኝ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሙንተሲር «ምስክር ሆኖ መውረስ አይቻልም» አለ።

«እንዲያ ከሆነ ደብተሩ ይቅርብኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ወላሂ፣ ምስክርነቴንማ አልለቅም። ደግሞስ እኔ እሱን ምን ብዬ አነበዋለሁ? የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ነገር!»

እንግዲያው ደብተሩ ለተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሁን። በቆቦ ኖታ የሚያነብ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም። ስለዚህ ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ በኋላ አንድም አይኖርም። ቢሆንም መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

በቆቦ የክር ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመክፈት ያዘጋጀሁት የአሥራ ሁለት ገጽ ዕቅድ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ አለ፤ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል» ተብሎበታል። እነሱ ስላላቸው ለእነሱ የምተወው የለኝም። በነገራችን ላይ በዕቅዱ ገጽ ስምንት ላይ ስሕተት አለ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ሃያ ቫዮሊኖች ሳይሆኑ ስድስት ናቸው፤ ስድስት ቢገኙ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ መጀመር እችላለሁ፣ መምህር አያሌውም ላቦራቶሪውን ከሰዓት በኋላ ቢፈቅድልኝ...

ሙንተሲር እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። ከፋሲካ በኋላ የምል እኔ ነኝ። «ልሰርዘው?» አለኝ። አይሰረዝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርሁ፤ ይታወቅ።

ለሙንተሲር ራሱ ሞባይሌን ልተው ብዬ «የጻፈ ሰው አይወርስም» ብሎ እምቢ አለኝ። ሕጉ እንዲህ ይል ወይም አይል አላውቅም፤ እየዋሸኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞባይሉ ለእናቴ ይሁን፤ የቀዳሁት ዜማ ሁሉ ውስጡ ነው። ለእሱ ምክር እተውለታለሁ፦ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመህ ዕድሜህን አትጨርስ። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ራሱ እየጻፈ ስለሚሰማው አልለውም።

አራተኛ፤ ስለ ጉድጓዱ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለማረፍ ወደ ቆቦ ስመጣ ቼሎውን ይዤ መጣሁ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። እኩለ ቀን ላይ የቤቱ ቆርቆሮ ሲንጣጣ ቼሎውም የሚንጣጣ ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ እርጥብ አንሶላ እሰቅላለሁ። ባልዲ ውኃ አስቀምጣለሁ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሁሉን ያያል። «አባዬ፣ ይህ እንጨት ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ድምፁ አይመለስም፤ ደግሞም የሰው ነው» አልሁት። የሰው ነው ያልሁትን አጥብቆ ያዘ።

ሰኔ ላይ ብሶብኝ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወሰድሁ። መኪናው ላይ ሲያሳፍረኝ «አደራ አባዬ፣ ሙቀት እንዳያገኘው፤ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ» አልሁት። እኔ ያሰብሁት ጓዳውን ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ ደረብ አድርጎ። አባቴ ግን የራያ ሰው ከሆነ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። እዚህ አገር ከሙቀት፣ ከሌባና ከክፉ ቀን የሚደበቅ ነገር የሚደበቀው አንድ ቦታ ነው፤ የማሽላ ጉድጓድ።

ጉድጓዱ ሮቢት ላይ የጋሽ እንድሪስ ነው። የሆነውን እሳቸው አሁን ተናግረዋል፦

«እኔ ብዬው ነበር። ገብሬ፣ ይሄ ነገር ሆዱ ባዶ ነው፣ እህል አይደለም፣ ምድር እንዳይጫነው አልሁት። ‹አንተ እህልህን ቀብረህ ስንት ዓመት ጠብቀህ ታወጣ የለም ወይ? የእኔ ልጅ የምትቆየው ሦስት ወር ነው› አለኝ። ምን ልበለው?»

«አባ፣ ምስክር በኑዛዜው መሀል አይናገርም» አለ ሙንተሲር።

«ዝም በል አንተ! ጉድጓዱ የማን ሆነና ነው?»

የጉድጓድ ማሽላ ዳር ዳሩ በእርጥበት ይበላሻል፤ መሀሉ ይተርፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አባቴ ቼሎውን ከነሣጥኑ በፕላስቲክና በሸራ ጠቅልሎ በጉድጓዱ መሀል አቆመው፤ ዙሪያውን ከመጋዘኑ ባወጣው አሥራ ሁለት ኩንታል ጅጉርቲ የሚባል የራያ ማሽላ ሞላው። ለዘር ያስቀመጠው ነበር። የሚበላሸው የራሱ እህል እንዲሆን፣ የሰው አደራ መሀል ላይ እንዲተርፍ። ከዚያ አፉን በድንጋይና በጭቃ መረገው። 

ክረምቱ ዘነበ።

መስከረም 27 ቀን ጉድጓዱ ሲከፈት እዚያው ነበርሁ፤ በቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር በምንጣፍ ላይ። የታመቀው አየር ሰው ስለሚገድል ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ ግማሽ ቀን ተጠበቀ። ጎረምሶች ሳሉ አባቴ ማንንም አላስወርድም ብሎ ራሱ ወረደ። ሣጥኑን በገመድ አወጡት። አባቴ ማሽላ እንደ ለበሰ መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከና ሣጥኑን ከፈተው። ቼሎውን አንገቱን ይዞ ሊሰጠኝ አነሣው። አንገቱ ብቻ ተነሣ። የቀረው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ፤ እንደ ተበተነ ሰሃን። አባቴ አንገቱን እያየ ቆየ። ከዚያ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ሞከረ። ሁለት ጊዜ ሞከረ።

እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ልቤ እስኪገድለኝ መጠበቅ አቃተህ?»

ጎረምሶቹ ሰምተዋል። ጋሽ እንድሪስ ሰምተዋል። አባቴ ቁራጮቹን አንድ በአንድ በጋቢው ጠቀለለ፣ ቤት ድረስ በትከሻው ተሸከመ፣ አልጋዬ ሥር አስቀመጠ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ያልገባው።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ጥቅሉን አላየሁትም። ያለፈው ሐሙስ እናቴን አልጋው ላይ ዘርጊልኝ አልኋት። አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ነው። ሻግቷል፣ ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ጣቴን በእያንዳንዱ ላይ እያስኬድሁ ስንጥቅ ፈለግሁ። ፊቱ ላይ ፈለግሁ፣ ጀርባው ላይ ፈለግሁ፣ ስድስቱን ጎኖች አየሁ። ከዚያ ለጋሽ ታደሰ ደወልሁ። ቼሎዎትን ገደልነው ለማለት ነበር የደወልሁት።

«ጋሽ ታደሰ፣ ቼሎው...»

«ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም። ተለያየ።»

«የፊቱ ጣውላስ?»

«ሙሉ ነው።»

«የጀርባውስ?»

«ሙሉ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነበር ያስተማርሁሽ? የቼሎ ሙጫ ሆን ተብሎ ከእንጨቱ ደካማ ተደርጎ ነው የሚሠራው። መከራ ሲመጣ ሙጫው ይለቃል፣ እንጨቱ ይተርፋል። የተፈታ ይጣበቃል። እኔ ቤት ያሉት ሁለቱ በበጋው ድርቀት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀው ተቀምጠዋል። ያንቺን አባትሽ የት ነው ያስቀመጡት?»

«የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ።»

«እጃቸውን ሳሚልኝ» አሉ።

ቆቦ ቤት ውስጥ ቢቆይ ኖሮ፣ ማንም አንሶላ የሚያረጥብለት በሌለበት፣ መስከረም ላይ ተሰንጥቆ ነበር የማገኘው። አባቴ አደራውን አትርፎታል። ይህ በሕግ ፊት ይመዝገብልኝ፦ አባቴ አቶ ገብረ ሥላሴ ሰመረ የሰው አደራ አልበላም፣ አላበላሸም፤ አትርፏል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ቼሎው ይድናል፤ ተጣብቆ፣ ደርቆ፣ ክር ተወጥሮለት፣ ድምፁ እስኪመለስ አራት ወር ይፈጃል አሉኝ። ሲስተር ራህመትን «አራት ወር አለኝ?» ብዬ ጠየቅኋት። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየር እያስወጣች ነበር። «ክንድሽን አምጪ» አለችኝ።

አምስተኛ፤ በአባቴ ላይ የጣልሁት ግዴታ።

አሥራ ዘጠኙን ቁራጭ ለአባቴ አስረክባለሁ። ለሌላ ሰው አይሰጥ፣ በመልእክት አይላክ። ራሱ በአውቶቡስ ይዞ አዲስ አበባ ጋሽ ታደሰ ቤት ይሂድ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን፤ አጠገቡ ወንበር ይያዝለት። ቼሎው ተጠግኖ ሲያልቅም ተመልሶ ይሂድና አንድ ዜማ እስከ መጨረሻው ይስማ፤ ገብቶ፣ ተቀምጦ።

ገብቶ የምለው ምክንያት አለኝ። በምረቃዬ ኮንሰርት ዕለት አባቴ ከቆቦ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ ደረሰ፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ። ሲደርስ መጫወት ጀምሬአለሁ። ጫማው አቧራ ስለ ነበር ምንጣፉን አላበላሽም ብሎ ከበር ላይ ቆሞ ቀረ። የመጨረሻዋን ሁለት ደቂቃ ሰማ። ሲያልቅ ወጥቼ አገኘሁት፤ በእጁ የማሽላ ዱቄት ከረጢት ይዟል። «ጓለይ» አለኝ፤ በአገሩ ቋንቋ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። «ሰማሁሽ፤ ግን መጀመሪያው ምን ይል እንደ ነበር ንገሪኝ።» እኔም ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ስለ ነበር «ሌላ ጊዜ» አልሁት። ሌላ ጊዜ አልመጣም። አባቴ የእኔን ሥራ መጀመሪያውን ሰምቶ አያውቅም።

በመጨረሻ፤ ከዚህ በፊት የተሰጠ ኑዛዜ ካለ የተሻረ ነው ብዬ እንድዘጋ ሙንተሲር ነገረኝ፤ የተለመደ አነጋገር ነው። ከዚህ በፊት ኑዛዜ አላደረግሁም። የምሽረው ግን አለኝ። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በጋሽ እንድሪስ ጉድጓድ አፍ፣ በሰው ፊት፣ ለአባቴ የተናገርሁትን ቃል ሽሬዋለሁ። በሰው ፊት ስለ ተነገረ በሰው ፊት ይሻር። ቃሉን የሰሙ ጋሽ እንድሪስ እዚህ አሉ፤ መሻሩንም ይስሙ፣ ለእነዚያ ጎረምሶችም ይንገሩ። ልቤን ያሳመመው የልጅነት በሽታ ነው። ሌላ ገዳይ የለኝም።

ቃሌ ይኸው ነው። ጮክ ብለህ አንብብ ሙንተሲር፤ ወደ ጓሮው በር ዞረህ።

ሶሊያና ገብረ ሥላሴ (ፊርማ)

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ዛሬ ኅዳር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦ፣ ተናዛዧ «ቃሌ ነው» ብላ ፈርማበታለች። አንደኛው ምስክር «ሰምቻለሁ፤ ቃሉ መሻሩን አላህም ሰምቷል» ብለው እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል።

አራተኛው ተራ ቁጥር በመነበብ ላይ ሳለ አቶ ገብረ ሥላሴ የጓሮውን በር ከፍተው ቆመዋል። አምስተኛው ሲነበብ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገብተዋል። ንባቡ እስኪያልቅ በአልጋው ራስጌ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ካለቀ በኋላ «ሙጫው ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው ጠይቀዋል። ተናዛዧ «ከከብት ቆዳ» ብላለች። «የበሬ ይሻላል የላም?» ብለዋል። ተናዛዧ «እሳቸውን ጠይቃቸው፤ የምትሄደው አንተ ነህ» ብላ፣ ቀጥላም የምረቃዋን ዜማ መጀመሪያ በአፏ አንጎራጉራላቸዋለች። ትንፋሽ ስላጠራት እስከ መጨረሻው አልደረሰችም። አቶ ገብረ ሥላሴ «መጨረሻውን አውቀዋለሁ» ብለዋል።

እሳቸውም ልፈርም ብለዋል። ወራሽ ምስክር ሊሆን እንደማይችል አስረድቻቸው፣ ከዚህ በታች በተረካቢነት ፈርመዋል።

ምስክሮች፦
እንድሪስ ከማሉዲን (የጣት አሻራ)
ሲስተር ራህመት (ፊርማ)
መምህር አያሌው (ፊርማ)
አቶ ካሳው (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ሙንተሲር እንድሪስ (ፊርማ)

ተረካቢ፦ እኔ ገብረ ሥላሴ ሰመረ አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ እንጨት በእጄ ቆጥሬ፣ አንድም ስንጥቅ እንደሌለበት በዓይኔ አይቼ፣ ከልጄ ተረክቤአለሁ። (ፊርማ)